ከቻን ማይ ወደብ ወደ ሁዌ፦ መርከብ በሚቆምበት አንድ ቀን የቬትናምን የነገሥታት ከተማ የመጎብኛ መመሪያ

የቬትናምን ጠረፍ ይዘው የሚጓዙ ትላልቅ የመዝናኛ መርከቦች ብዙዎቹ በአገሪቱ መካከለኛ ክፍል በሚገኘው በቻን ማይ ወደብ ለአንድ ቀን ይቆማሉ። በጉዞው ሰሌዳ ላይ የወደቡ ስም ከሁዌና ከዳ ናንግ ጋር ተያይዞ ስለሚጻፍ፣ ብዙ ተጓዥ ከመርከቡ እንደወረደ በእግሩ ከተማ የሚገባ ይመስለዋል። ቻን ማይ ግን ከሁለቱም ከተሞች ርቆ በመካከላቸው የሚገኝ፣ በባሕር ወሽመጥ ዳር የተሠራ የጭነት ወደብ ነው። ከዚያ እስከ ሁዌ መሐል ከተማ ያለው ርቀት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ከወደቡ አጥር ውጭ በእግር ሄደው የሚያዩት ነገር ስለሌለ፣ ቀኑ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ከመርከቡ ከመውረድዎ በፊት በሚያደርጉት ዝግጅት ነው።

ሁዌ ከ1802 እስከ 1945 ድረስ የንጉየን ሥርወ መንግሥት መናገሻ ነበረች (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በነዚህ ዓመታት 13 ነገሥታት ተፈራርቀውባታል፤ ቤተ መንግሥታቸው፣ የመታሰቢያ ቤቶቻቸውና መቃብሮቻቸው በ1993 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ማዳረስ አይቻልም፤ የሚሞክር ሰው ቀኑን መኪና ውስጥ ይጨርሰዋል። እኔ የምመክረው ከተማው ውስጥ ከሚያገኙት አምስት ሰዓት ያህል ግማሹን ለቤተ መንግሥቱ ግቢ ብቻ እንዲሰጡ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ እንዲጨምሩ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተዘጋጀው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

አንደኛ፦ መርከብዎ የሚቆመው የት እንደሆነ ያረጋግጡ

በዚህ አካባቢ መርከቦች የሚቆሙባቸው ወደቦች ሁለት ናቸው። አንዱ ቻን ማይ ነው፤ ሌላው በዳ ናንግ ከተማ ጫፍ ያለው ቲየን ሳ ነው። መርከብዎ በቲየን ሳ የሚቆም ከሆነ ሁዌ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ደርሶ መልሱ ብቻ ከአራት ሰዓት በላይ ይወስድብዎታል። በዚያ ጊዜ ቅርብ የሆነችውን የጥንት የንግድ ከተማ ሆይ አንን ቢጎበኙ ይሻላል። በቻን ማይ የሚቆም ከሆነ ግን ምርጫው ሁዌ ይሁን። ሁዌንና ሆይ አንን በአንድ ቀን አሳያለሁ የሚል አስጎብኚ ቢያጋጥምዎት አይቀበሉት፤ አንዷ ከወደቡ በስተ ሰሜን፣ ሌላዋ በስተ ደቡብ ናቸው። በውብ እይታው የታወቀው የሃይ ቫን ተራራ መንገድም ወደ ዳ ናንግ በሚወስደው አቅጣጫ ስለሚገኝ፣ ወደ ሁዌ የሚሄድ ሰው በዚያ አያልፍም።

ሁለተኛ፦ የቪዛውን ጉዳይ ከቤት ሳይነሱ ይጨርሱ

የኢትዮጵያ፣ የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ቬትናም ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። የጀርመን፣ የእንግሊዝ፣ የስዊድን፣ የኖርዌይ ወይም የጣሊያን ፓስፖርት የያዘ ግን እስከ 45 ቀን ድረስ ያለ ቪዛ መግባት ይችላል። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ቬትናም ለሁሉም አገር ዜጎች እስከ 90 ቀን የሚያገለግል የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ትሰጣለች፤ ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ ለሚገባ 25፣ ደጋግሞ ለሚገባ 50 የአሜሪካ ዶላር ነው። ቻን ማይም በዚህ ቪዛ መግባት ከሚቻልባቸው ወደቦች አንዱ ነው። ማመልከቻውን በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ይሙሉ፤ የመንግሥት መስለው ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚያስከፍሉ ድረ ገጾች አሉና።

አንዳንድ የመርከብ ኩባንያዎች ለተሳፋሪዎቻቸው የአንድ ቀን የመውረጃ ፈቃድ በጅምላ ያወጣሉ፤ ሌሎቹ ግን ተሳፋሪው ራሱ ቪዛውን ይዞ እንዲመጣ ይጠይቃሉ፣ ካልያዘም ገና በመነሻው ወደብ ላይሳፍሩት ይችላሉ። ስለዚህ ትኬት እንደቆረጡ የፓስፖርትዎን አገር ጠቅሰው ኩባንያውን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ መልሱንም ያስቀምጡ። መርከቡ ከቬትናም ወጥቶ ሌላ አገር ነክቶ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛ እንደሚያስፈልግ ወይም እንደማያስፈልግ በተለይ ይጠይቁ። በወደቡ ቀን ፓስፖርቱ በእጅዎ ይሁን ወይም መርከቡ ዘንድ ይቆይ የሚለውን የመርከቡ ሠራተኞች ይነግሩዎታል። በሁለቱም መንገድ የፓስፖርቱን ዋና ገጽና የቪዛውን ፎቶ ኮፒ ለብቻ ይያዙ።

ሦስተኛ፦ ሰዓቱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይቁጠሩ

የቀኑ ዕቅድ የሚጀምረው ከመውረጃው ሰዓት ሳይሆን ሁሉም ተሳፋሪ ወደ መርከቡ መመለስ ካለበት ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት መርከቡ ከሚነሣበት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀድሞ ስለሚሆን፣ በየምሽቱ ክፍልዎ ውስጥ በሚቀመጠው የመርከቡ ዕለታዊ ወረቀት ላይ በጥንቃቄ ያንብቡት። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መርከቡ 17:30 ብሎ የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11:30 ነው፤ ቤተሰብ አብሮ ሲጓዝ አንዱ በአገር ቤት ሰዓት፣ ሌላው በፈረንጅ ሰዓት እየተነጋገረ ቀጠሮ እንዳይበላሽ ከመውረዳችሁ በፊት በአንዱ አቆጣጠር ተስማሙ። የመርከቡ ሰዓት ከቬትናም ሰዓት ጋር አንድ መሆኑንም ያጣሩ፤ ቬትናም ከኢትዮጵያ በአራት ሰዓት ትቀድማለች፣ ስልክዎ ግን ሰዓቱን የሚቀይረው በወደቡ ኔትወርክ ነው እንጂ በመርከቡ አይደለም።

መርከቡ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደርሶ ማታ 12 ሰዓት ላይ የሚነሣ ነው እንበል፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሰዓቶች በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የመመለሻው ገደብ 11:30 ከሆነ፣ ወደቡ በር ላይ 10:30 ለመድረስ ያቅዱ። ለመንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀነስ፣ ሁዌን የግድ 9 ሰዓት ላይ መልቀቅ አለብዎት ማለት ነው። ጠዋት ደግሞ ወረፋው ተጠብቆ 2:30 ላይ ቢነሡ ወደ ቤተ መንግሥቱ በር የሚደርሱት 4 ሰዓት ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ከተማው ውስጥ አምስት ሰዓት ያህል ይኖርዎታል። ለመመለሻው የተያዘችውን ትርፍ አንድ ሰዓት በምንም ምክንያት አይንኳት፤ በአገር አቋራጩ ዋና መንገድ ላይ የጭነት መኪና ብዙ ነው፣ አንድ ግጭት ቢፈጠር መንገዱ ይዘጋል።

አራተኛ፦ መጓጓዣውን ደርሶ መልስ አድርገው ይያዙ

የመጀመሪያው አማራጭ የመርከቡ የራሱ ጉብኝት ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ቡድኑም ትልቅ ነው፤ ነገር ግን አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። ለብቻው የሚጓዝ አዛውንት፣ ወይም ሐሳብ የሚያበዛ ሰው፣ ይህን ቢመርጥ ገንዘቡ የባከነ አይደለም።

ሁለተኛው ከሾፌር ጋር መኪና አስቀድሞ መከራየት ነው። ሦስት ወይም አራት ሆነው ለሚጓዙ ከሁሉም የተሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል፤ ቦታዎቹን ራስዎ ይመርጣሉ፣ በየቦታው የሚቆዩበትንም ጊዜ ራስዎ ይወስናሉ። በሚስማሙበት ጊዜ የመርከቡን ስም፣ የመውረጃውንና የመመለሻውን ሰዓት፣ የሚጎበኙትን ቦታ፣ ዋጋው ለመኪናው እንጂ በሰው አለመሆኑን፣ የመንገድ ቀረጥና የመኪና ማቆሚያ ክፍያ የተካተተ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ያስፍሩ። ሙሉውን ዋጋ ወደ ወደቡ ከተመለሱ በኋላ ይክፈሉ። ሾፌሩ ብዙ ጊዜ አስጎብኚ አይደለም፤ በግቢው ውስጥ የሚያስረዳ ሰው ከፈለጉ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ለብቻው መያዝ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከወደቡ በር ላይ ታክሲ መያዝ ነው። ይቻላል፤ ሆኖም አስቸጋሪው መመለሻው ነው። ሁዌ ውስጥ በስልክ የሚጠራ መኪና በቀላሉ ይገኛል፣ ቻን ማይ ድረስ ለመሄድ ፈቃደኛ የሚሆነው ግን በሚፈልጉት ደቂቃ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የሄዱበት ታክሲ ጠብቆ እንዲመልስዎት ይዋዋሉ። ባቡር በሁዌ ያልፋል፣ መስመሩም ውብ ነው፤ ለመርከብ ቀን ግን ሰዓቱ አያስተማምንም።

አምስተኛ፦ የሚይዙት ገንዘብና ልብስ

የአገሪቱ ገንዘብ ዶንግ ነው፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ25,000 ዶንግ በላይ ይመነዘራል። ዜሮዎቹ ስለሚበዙ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል፤ በተለይ የ20,000 እና የ500,000 ዶንግ ኖቶች ሁለቱም ሰማያዊ በመሆናቸው፣ በችኮላ ሲከፈል አንዱ በሌላው ቦታ ይሰጣል። ትልልቆቹን ኖቶች በሌላ ኪስ ለብቻ ማስቀመጥ ይህን ችግር ከሥሩ ያጠፋዋል። የቤተ መንግሥቱ መግቢያ ለአዋቂ 200,000 ዶንግ፣ ከትላልቆቹ መቃብሮች የእያንዳንዱ 150,000 ዶንግ ሆኖ ቆይቷል፤ ሦስት ወይም አራት ቦታዎችን አንድ ላይ የሚያስገባ በቅናሽ የሚሸጥ ትኬትም አለ። ዋጋ ይለወጣልና ጥቂት ትርፍ ይያዙ።

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ስስ ልብስ ይልበሱ፤ የነገሥታቱ መታሰቢያ ቤትና ፓጎዳው የጸሎት ቦታዎች ናቸው። ጫማዎ ብዙ የሚያስኬድ፣ በቀላሉም የሚወልቅ ይሁን፣ ምክንያቱም በአንዳንዶቹ ቤቶች ያለ ጫማ ነው የሚገባው። ሁዌ በዝናቧ የታወቀች ናት፤ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር፣ በተለይ በኦክቶበርና በኖቬምበር፣ ዶፍ ይወርዳል፣ ጎርፍም ያጋጥማል። ከሜይ እስከ ኦገስት ደግሞ ሙቀቱ ከወበቁ ጋር ተደምሮ ያደክማል። ለሁለቱም የሚሆን ጃንጥላ፣ የመጠጥ ውኃ፣ እንዲሁም ከኢንተርኔት ውጭ የሚሠራ ካርታ የተጫነበት ስልክ ይያዙ።

ስድስተኛ፦ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ በዚህ አካሄድ ይጎብኙ

ግቢው አንዱ በሌላው ውስጥ የተሠራ ሦስት ቅጥር ነው። የውጭው ግንብ ዙሪያው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ውኃ በተሞላ ቦይ የተከበበ ነው፤ ዛሬም ሰው ይኖርበታል፣ ገበያና ትምህርት ቤት አለበት። በውስጡ ዙሪያው 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የንጉሠ ነገሥቱ ከተማ አለ፤ ትኬት የሚቆረጠው ለዚህ ነው። በዚህም ውስጥ ንጉሡና ቤተሰቡ ብቻ ይኖሩበት የነበረው የተከለከለው ሐምራዊ ከተማ ይገኛል። ግንባታውን ያስጀመረው የሥርወ መንግሥቱ መሥራች ጂያ ሎንግ ሲሆን፣ የተጠናቀቀው በልጁ በሚን ማንግ ዘመን ነው።

የሚገቡት በደቡብ በኩል ባለው በንጎ ሞን በር ነው። በ1833 የተሠራው ይህ በር አምስት መግቢያዎች አሉት፤ የመካከለኛው ለንጉሡ ብቻ የተፈቀደ ነበር። ከመግባትዎ በፊት ቀና ብለው በላዩ ያለውን ሰገነት ይመልከቱ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ባኦ ዳይ ኦገስት 30 ቀን 1945 ዘውዱን መልቀቁን ያስታወቀው እዚያ ሆኖ ነው። ከበሩ ቀጥሎ ድልድዩን ተሻግረው ታይ ሆዋ የተባለውን የዙፋን አዳራሽ ያገኛሉ። ቀይ የተቀቡት 80 ምሰሶዎቹ በወርቅማ ዘንዶዎች ያጌጡ ናቸው፤ ከረዥም እድሳት በኋላ በኖቬምበር 2024 እንደገና ለሕዝብ ተከፍቷል። ቡድኖች ሁሉ የሚከማቹት እዚህ ስለሆነ፣ ግፊያ ካለ ብዙ አይቆዩ።

ከዙፋኑ አዳራሽ በኋላ ብዙው ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ይሄዳል። እርስዎ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ፣ ታጥፈው ቴ ሚዩ ወደተባለው የነገሥታቱ መታሰቢያ ቤት ይሂዱ። በእኔ አመለካከት የሁዌ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ አንድ ሰዓት ቢሰጡት አይበዛበትም። በቤቱ ፊት ሂየን ላም የተባለው ባለ ሦስት ፎቅ ሰገነት ቆሟል፤ ከእሱ ሥር ሚን ማንግ ከ1835 ጀምሮ ያሠራቸው ዘጠኝ ግዙፍ ባለ ሦስት እግር የነሐስ ጋኖች ተደርድረዋል። ትልቁ 2,600 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ለጂያ ሎንግ መታሰቢያ የሆነ ስለሆነ ከሌሎቹ መስመር አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ ብቻውን ቆሟል። ጠጋ ብለው ይዩአቸው። በጋኖቹ ገላ ላይ 162 ምስሎች ጎልተው ተቀርጸዋል፦ ፀሐይና ጨረቃ፣ ወንዞችና ተራሮች፣ ነብርና ዝሆን፣ ሸራ ያላቸው መርከቦች፣ መድፍ፣ ፍራፍሬ፣ አትክልት። ንጉሡ አገሩን በሙሉ በነሐስ ላይ እንዳስመዘገበ ይቆጠራል። አንድ ጋን መርጠው ዙሪያውን ቀስ ብለው ቢዞሩ፣ ዘጠኙንም በሩጫ ከማየት የበለጠ ይገባዎታል።

ጫማዎን አውልቀው ወደ ውስጥ ሲገቡ የነገሥታቱ የመታሰቢያ መሠዊያዎች በተርታ ይታያሉ። ከእነዚህ መካከል ሦስቱ፣ ማለትም የሃም ንጊ፣ የታን ታይና የዱይ ታን፣ የተጨመሩት በ1959 ነው፤ ሦስቱም የፈረንሳይን ቅኝ አገዛዝ በመቃወማቸው ከዙፋን ወርደው በግዞት የተሰደዱ ነበሩ። የግዞት ቦታቸው ደግሞ የእኛው አህጉር ነው፦ ሃም ንጊ ወደ አልጄሪያ፣ ሁለቱ ወደ ሬዩኒየን ደሴት ተላኩ። በሰባት ዓመቱ የነገሠው ዱይ ታን በዲሴምበር 1945 በዛሬዋ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ምድር በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ እዚያው ተቀበረ፤ አፅሙ ወደ ሁዌ የተመለሰው በ1987 ነው። ከአፍሪካ የመጣ ጎብኚ በእነዚህ መሠዊያዎች ፊት ጥቂት ደቂቃ ቢቆም ተገቢ ነው እላለሁ።

ከዚያ ወደ መካከሉ ሲመለሱ፣ የተከለከለው ሐምራዊ ከተማ በነበረበት ቦታ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳና የመሠረት ድንጋይ ያያሉ። ይህ በእርጅና የሆነ አይደለም። በ1947 በፈረንሳይ ጦርና በቬትናም ነፃነት ታጋዮች መካከል በተደረገው ውጊያ ብዙው ተቃጠለ፤ ከጃንዋሪ 31 ቀን 1968 ጀምሮ ለሳምንታት በተካሄደው የሁዌ ውጊያ ደግሞ የተረፈው ተደበደበ። በግንቦቹ ላይ የጥይት ቀዳዳዎች ዛሬም ይታያሉ። ይህን ሳያውቁ የሚገቡ ሰዎች «ባዶ ነው» ብለው ቅር ተሰኝተው ይወጣሉ፤ አውቆ ለገባ ግን ባዶው ሜዳም የታሪኩ አካል ነው። በስተ ሰሜን ጫፍ በ1920ዎቹ የተሠራውና እንደገና ታንጾ በ2024 የተከፈተው የኪየን ቹንግ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ፊቱ በባለ ቀለም ሸክላ ስብርባሪ የተለበጠ ሲሆን፣ ለፎቶ የሚያምር ነው፤ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። በመንገድዎ ላይ ዱየት ቲ ዱዎንግ የተባለው የነገሥታቱ ትያትር ቤት ስላለ፣ የቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ የሚቀርብበትን ሰዓት ትኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ፤ ይህ ሙዚቃ ራሱ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው።

ለሾፌርዎ አስቀድመው የሚነግሩት አንድ ነገር አለ፦ ጎብኚ በብዛት የሚወጣው በገባበት በር ሳይሆን በምሥራቁ በሂየን ንዮን በር ነው። መገናኛው እዚያ ይሁን፤ አለዚያ በሙቀት ዙሪያውን መልሰው መሄድ ሊኖርብዎት ነው። መራመድ ለሚያዳግተው ሰው በግቢው ውስጥ በክፍያ የሚሠሩ ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎች አሉ፤ ሆኖም በየበሩ ያለው ከፍ ያለ ደፍ በተሽከርካሪ ወንበር ላለ ሰው እንደሚያስቸግር አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ሰባተኛ፦ ምሳ

ከቀኑ 6:30 አካባቢ ከግቢው ይወጣሉ። የከተማዋ መለያ ምግብ ቡን ቦ ሁዌ ነው፤ በሎሚ ሣርና በቃሪያ የተቀመመ፣ ወፍራም የሩዝ ፓስታና የበሬ ሥጋ ያለበት ትኩስ ሾርባ ሲሆን፣ ለእኛ ምላስ የሚስማማ የማቃጠል ኃይል አለው። ነገር ግን የበሬ ሥጋ ይባል እንጂ ብዙ ጊዜ የአሳማ እግርና የረጋ ደም ይጨመርበታል፣ መረቁም ከሽሪምፕ በሚሠራ ቅመም ይጣፍጣል። ባን ኮዋይ የተባለው የተጠበሰ ቂጣም ውስጡ ሽሪምፕና አሳማ ነው፤ ኮም ሄን ደግሞ ሩዝ ከትናንሽ ባለ ሁለት ክዳን የወንዝ ዛጎላዎች ሥጋ ጋር ነው። አሳማ የማይበላ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ከማዘዙ በፊት መጠየቅ አለበት።

ለጾመኛ የሁዌ ነገር ደስ የሚያሰኝ ነው። ከተማዋ ጠንካራ የቡድሃ እምነት ልማድ ስላላት፣ ከሥጋና ከዓሣ የጸዳ ምግብ ብቻ የሚያቀርቡ ብዙ ቤቶች አሉ፤ በር ላይ ቻይ የሚለው ቃል ይጻፍባቸዋል፣ ለሾፌሩም «ኮም ቻይ» ካሉት ወዲያው ይወስድዎታል። እንቁላልና ወተት አለመግባቱን ብቻ ጨምረው ይጠይቁ። ለምሳ ከአርባ አምስት ደቂቃ በላይ አይስጡ።

ስምንተኛ፦ አንድ ተጨማሪ ቦታ ይምረጡ

አሁን ከአንድ ሰዓት ተኩል የሚበልጥ ጊዜ የለዎትም፤ መንገዱም ከዚሁ ይቀነሳል። ከሚከተሉት አንዱን ብቻ ይያዙ።

የካይ ዲን መቃብር ለጊዜው አመቺ ነው። ከ1920 እስከ 1931 በሲሚንቶ የተሠራ ሲሆን፣ ወደ ላይ 127 ደረጃዎች ያስወጣል። ውጭው በዝናብ የጠቆረ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በሸክላና በብርጭቆ ስብርባሪ በተሠሩ አበቦች፣ ወፎችና ዛፎች ተሸፍኗል። ቀረብ ብለው ሲያዩት የአንዱ ወፍ ላባ ቀድሞ የሸክላ ሳህን ጠርዝ እንደነበረ ይለያሉ። ከከተማው በስተ ደቡብ ስለሆነ ወደ ወደቡ ከሚመለሱበት አቅጣጫ ብዙም አያስወጣዎትም።

የቱ ዱክ መቃብር ከ1864 እስከ 1867 የተሠራ ሐይቅ፣ ጥድና የእንጨት ሰገነት ያለው ሰፊ ቦታ ነው። ንጉሡ በሕይወት ሳለ ግጥም ይጽፍበትና ያርፍበት ነበር፤ ጸጥታ ለሚወድ ከካይ ዲን ይበልጣል፣ ደረጃውም የቀለለ ነው። ከሁለቱ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ በዝናብ ቀን ግን ካይ ዲን ይሻላል።

የቲየን ሙ ፓጎዳ የተመሠረተው በ1601 ሲሆን፣ ሽቶ በተባለው ወንዝ ዳር በኮረብታ ላይ ያለው ባለ ሰባት ደርብ ግንብ በ1844 የተሠራ ነው። በግቢው ውስጥ መነኩሴው ቲክ ኳንግ ዱክ በ1963 በሳይጎን አደባባይ ራሱን በእሳት ወደ ሠዋበት ቦታ የሄደበት ሰማያዊ መኪና ተቀምጧል። መግቢያው በነፃ ነው። ከወደቡ ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ ግን የሰዓቱን ነገር ለሾፌሩ አስቀድመው ያሳስቡት። የሚን ማንግ መቃብር ከሁሉም ያማረ ነው የሚሉ አሉ፣ እውነትም ነው፤ ሆኖም ርቀቱ ለመርከብ ተጓዥ አይሆንም።

ዘጠነኛ፦ መመለስ

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መኪናው ውስጥ ይሁኑ። በወደቡ በር የመርከቡን ካርድና የመውረጃ ወረቀትዎን ስለሚጠይቁ በእጅዎ ያዘጋጁ። መንገድ ተዘግቶ መዘግየትዎ እርግጠኛ ከሆነ፣ ጊዜው ሳያልፍ በዕለታዊው ወረቀት ላይ ወዳለው የወደቡ ወኪል ስልክ ይደውሉ፤ የዚያን ገጽ ፎቶ ጠዋት ሳይወርዱ ማንሳት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለደቂቃዎች መዘግየት የሚጠብቁ ካፒቴኖች አሉ፣ ሳያውቁ ግን አይጠብቁም። መርከቡ ከሄደ ደግሞ ወኪሉ ዘንድ ይቅረቡ፤ ፓስፖርትዎ መርከቡ ላይ ከነበረ አብዛኛውን ጊዜ ለወኪሉ ተትቶልዎታል። ወደ ቀጣዩ ወደብ የሚያደርስዎት ቅርብ የአውሮፕላን ማረፊያ በሁዌ ፉ ባይ፣ የበለጠ በረራ ያለው ደግሞ በዳ ናንግ ነው። የጉዞ መድን የያዘ ሰው የመድኑን ስልክ ቁጥር ከዚሁ ገጽ ጋር አብሮ ያስቀምጥ።